ውሃው ያው ነው

ዴን ሃግ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ማንደፍሮ፣ አሰላ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ውሸት ስለሆነ። ያዘገየኝ ጥያቄዎ ነው። «ትርንጎ ለምን በገዛ እጇ አትጽፍልኝም?» ብለውኛል።

አባባ፣ ትርንጎ አትጽፍም፣ አትናገርምም። ከእርስዎ ተለይታ እዚህ ከመጣች ዓመት አለፋት፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ከአፏ የወጣው ቃል በጣት የሚቆጠር ነው። ቤት ውስጥም የምታየኝ እንደ እንግዳ ነው፤ እኔን እናቷን «እርስዎ» ትለኛለች። ምን እፈርድባታለሁ? ባለቤቴ፣ ልጅዎ ሰለሞን፣ ካለፈ በኋላ በሱዳን በኩል ስወጣ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ለምን እንደወጣሁ እርስዎ ያውቃሉ፤ እሷ ግን የምታውቀው ትቻት መሄዴን ብቻ ነው። ያሳደጓት እርስዎ ነዎት።

አሁን የመጣብኝ ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል። ትምህርት ቤቱ «የልጅሽ አእምሮ ከዕድሜዋ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለኝ። ከአምስተርዳም የምትመጣ የልጆች መርማሪ ሴት አለች። ትርንጎን አስቀምጣ ሁለት እኩል ብርጭቆ ውሃ አሳየቻት፤ ከዚያ አንዱን ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ገልብጣ «አሁንስ?» አለቻት። ትርንጎ ረጅሙ ይበልጣል አለች። ድቡልቡል ጭቃ እንደ ጣት አስረዝማም ጠየቀቻት፤ እዚያም ተሳሳተች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን አይስትም አሉ። በፈረንጆቹ የካቲት ደግመው ይፈትኗታል። ያኔም ከወደቀች ኢንተርናት ትገባለች፤ ከአምስተርዳም ወዲያ ያለ፣ ዘገምተኛ ልጆች እዚያው እያደሩ የሚማሩበት ቤት ነው። ወደ እኔ የምትመጣው በወር አንዴ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያስተረጎመልኝ ዘርኣይ ነው፤ ሆግቭሊት የሚኖር፣ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የሚሠራ ደግ የአስመራ ሰው።

አንዴ አጥቻታለሁ። ሁለተኛ ካጣኋት ከእንግዲህ የኔ አትሆንም፣ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሳይንስ ያስተማሩ ሰው ነዎት። ትርንጎን እንዳስተምራት መጀመሪያ እኔን ያስተምሩኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ግን አጠናለሁ። እባክዎ አይዘግዩብኝ።

ልጅዎ ብዙወርቅ

*

አሰላ፣ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለብዙወርቅ፣

እንደምን ከረምሽ? ስለ ጤናዬ በጥሩአየሁ በኩል ለላክሽብኝ ጥያቄ መልሱ «ደኅና ነኝ» የሚል ነው። ጎረቤቴን ታውቂያታለሽ፤ ሰው ባስነጠሰው ቁጥር ድንኳን የሚያስጥላት ሴት ናት። ጉንፋን ነው፣ ሌላ አይደለም።

ደብዳቤሽን አንብቤ ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ከተማውን ዞርኩት። ትርንጎ ዘገምተኛ? ይህች ልጅ በስድስት ዓመቷ ባለሱቁ ባዩ ዘንድ ላምባ ልትገዛ ሄዳ፣ ባዩ ከጣሳ ወደ ጠርሙስ ሲገለብጥላት «ጠርሙሱ ቀጭን ሆኖ ነው የሞላ የመሰለው፣ ጣሳው ግን ጎድሎ ነበር» ብላ ገበያተኛ ፊት ያሳፈረችው ናት። እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ «ተቆጣጣሪዋ እንዴት ናት?» ይለኛል። ስለዚህ ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለበጥ እንደማይጨምር ጠፍቷት አይደለም። ታዲያ ለምን ተሳሳተች? እኔም አልገባኝም። አለመግባቱም እንቅልፍ ነሥቶኛል።

እስከዚያው የጠየቅሽኝን እነሆ። ቁስ አካል ማለት ቦታ የሚይዝ፣ ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ግን እንዳታስሸመድጃት፤ አደራ። ትንካው፣ ታሽተው፣ ትገልብጠው። ብርቱካን ከነልጣጩ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጣል፤ ይንሳፈፋል። ልጣጩ ይላጥና ይጣል፤ ይሰምጣል። ልጣጩ አየር ስለያዘ ነው፤ ምክንያቱን አንቺ እወቂው እንጂ አትንገሪያት። ብርጭቆ ውስጥ ጨርቅ ወትፊና አፉን ደፍተሽ ቀጥ አድርገሽ ውሃ ውስጥ አስገቢው፤ ጨርቁ ደረቅ እንደሆነ ይወጣል። አየርም ቦታ እንደሚይዝ በዚያ ታያለች። ጨው አሟሚና «የት ሄደ?» በያት። ጠፋ ካለች አቅምሻት።

ዝም ስትል ደግሞ ዝምታዋን አንቺ አትሙዪላት። አስተማሪ የሚበላሸው ዝምታ መፍራት ሲጀምር ነው።

አንድ የኔ ጥያቄ። እዚያ አገር ውሃ ረግቶ ሰው ይሄድበታል ይላሉ። ዕድሜዬን ሙሉ «ውሃ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ይሆናል» እያልኩ ሳስተምር ከሰማይ ከሚወርደው ጠጠር በረዶ በቀር አይቼ አላውቅም። እውነት ከሆነ ጻፊልኝ።

አባትሽ ማንደፍሮ

*

ዴን ሃግ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ። አዎ፣ እውነት ነው። ከሰሞኑ ሰፈራችንን የሚያቋርጠው የውሃ ቦይ ረግቷል። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ጫማቸው ላይ ብረት አስረው ይንሸራተቱበታል። ትርንጎ ግን ዳሩ ላይ ቆማ እግሬን አላነሣም አለች። «ከሥሩ ውሃ አለ» አለችኝ። እርስዎ ሆነው በዓይንዎ ቢያዩት ብዬ ተመኘሁ።

ያዘዙኝን ሁሉ ሠርቻለሁ። ብርቱካኑን ከትራንስቫል ገበያ ገዛሁ። ከነልጣጩ ሲንሳፈፍ ጎንበስ ብላ አየች። ልጬ ስጥለው ባልዲው ሥር ቁጭ አለ። እንዳሉኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታው ጨርሶኝ ነበር። ከዚያ «ልብሷን ሲያወልቁባት ሰመጠች» አለችኝ። አባባ፣ ከመጣች ጀምሮ ሳልጠይቃት የነገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ባልዲ ውስጥ ያልተጣለ ነገር የለም፤ የቤት ቁልፌ እንኳ አልቀረም።

ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚያዩዋትም ልንገርዎ፤ ሰሞኑን በቴሌቪዥን የአገራችንን ረሃብ ካሳዩ ወዲህ አስተማሪዋ በየቀኑ ከራሷ ምሳ ቆርሳ ትሰጣታለች። ትርንጎ እንቢ ማለት ነውር ስለሚመስላት ትበላለች። ቤት የምትመጣው ጠግባ ነው፤ እኔ የሠራሁት ይተርፋል። ይህም ያበሳጨኛል፣ ግን ለማን እናገራለሁ።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። ዓርብ ማታ እንደ መርማሪዋ አድርጌ ውሃውን ገለበጥኩ። «አሁንስ?» አልኳት። «ያው ነው» አለች። እንዲህ ቶሎ፣ እንዲህ በቀላሉ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ዳግመኛ ልስማው ብዬ «እ? የትኛው ይበልጣል አልሽ?» አልኳት። ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች፣ «ቀጭኑ ይበልጣል» አለች።

ጮኽኩባት አባባ። «አሁን ያልሽው ምን ሆነ?» ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ አፏን ከፍታልኝ አታውቅም። ባልዲውንም ራሷ ወስዳ ከበሩ ኋላ አስቀመጠችው። የሠራሁትን ሁሉ በአንድ ጩኸት አፈረስኩት። ፈተናው ደርሷል፤ እኔ ተስፋ ቆርጫለሁ።

ልጅዎ ብዙወርቅ

የእጅ ጽሕፈትዎ ባለፈው ተንቀጥቅጦብኛል። ምነው?

*

አሰላ፣ ጥር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለብዙወርቅ፣

የእጅ ጽሕፈቱ ቢለወጥብሽ አትደንግጪ፤ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ጥሩአየሁ ናት። ብርዱ ጣቶቼን ስለያዘኝ ነው። አሁን ስለ እኔ ተዪና ስሚኝ፣ አገኘሁት።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አስነበብኩ። «ያው ነው» ያለችሽ አንዴ ስትጠይቂያት ነው። የቀየረችው ስትደግሚ ነው። መርማሪዋም ውሃውን ሳትገለብጥ እኩል ናቸው ወይ ብላ ትጠይቃለች፣ ከገለበጠች በኋላ ያንኑ ትደግማለች። አይደለም? ዘርኣይን ጠይቂው፤ እንዲያ እንደሆነ ዐውቃለሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

በኛ ቤት ትልቅ ሰው አንድ ነገር ሁለቴ ከጠየቀ ምን ማለት ነው? «ተሳስተሻል፣ አስተካክይ» ማለት ነው። «እጅሽን ታጥበሻል?» «አዎ።» «ታጥበሻል?» ያኔ ልጅ ተነሥታ ትታጠባለች። እኔም ክፍል ውስጥ እንዲያ ነበርኩ፣ አንቺም እንዲሁ አድገሻል፣ ባዩም ልጆቹን እንዲሁ ያሳድጋል። ትርንጎ ውሃውን ስታ አይደለም፤ ጠያቂዋን አክብራ ነው። ስሟን ሁለቴ ብትጠይቂያት እሱንም ሳትቀይር አትቀርም።

እንግዲህ ሥራሽ ከባድ ነው። ስለ ውሃ የምታስተምሪያት ነገር የለም። የምታስተምሪያት ትልቅ ሰው ደግሞ ቢጠይቅሽም እውነቱ ከሆነ መልስሽ አይነቃነቅ የሚለውን ነው። ዘርኣይም መርማሪዋን ያነጋግርልሽ። መጀመሪያ ግን ስለ ጩኸቱ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቂያት። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ አላየሁም ትይ ይሆናል። እኔም አላየሁም። ጠይቂያት።

አባትሽ ማንደፍሮ

*

ዴን ሃግ፣ የካቲት 7 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ገባ። እንዳሉት ነው። ዘርኣይ መርማሪዋ ሁለቴ እንደምትጠይቅ ነገረኝ፤ «እኔ ራሴ እኮ ያኔ ገርሞኝ ነበር፤ ሰምታለች አይደል ወይ፣ ምን ያስደግማታል ብዬ» አለኝ። ዛሬ ስልክ ደውሎላት ነበር። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ነገሩንም አዳምጣዋለች። ግን ፈተናው ለሁሉም ልጅ በተጻፈው መሠረት ነው የሚጠየቀው፣ ለአንዷ ብዬ አልቀይርም አለችው። ስለዚህ በፈተናው ቀን፣ የፊታችን ሐሙስ፣ ሁለቴ ትጠየቃለች።

ይቅርታ ጠየቅኋት። አታውቀውምና ደነገጠች። ከዚያ «ትልቅ ሰው ሁለተኛ ቢጠይቅሽ፣ እውነት የመሰለሽን አትቀይሪ» አልኳት። «ነውር አይደለም?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «አባባስ ይህን ያውቃሉ?» አለች። እሳቸው ናቸው የላኩልሽ አልኳት። ገብቷት ይሁን አይሁን አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት የተሠራ ልጅ በአንድ ሳምንት ይፈርሳል?

አባባ፣ ደብዳቤዎ ሌላም ነገር አሳይቶኛል፤ ለማንም አልነገርኩትም። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳት ቀን፣ ገና ኮት ሳላለብሳት «ከእኔ ጋር መኖር ትወጃለሽ?» አልኳት። «አባባ ጋ ይመልሱኝ» አለች። አላስቻለኝም፤ ደግሜ ጠየቅኋት። «እሺ፣ እወዳለሁ» አለችኝ። ያንን ሁለተኛውን መልስ ታቅፌ ነው ዓመቱን የኖርኩት። ለካስ ልጄ አክብራኝ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎት ይህ ነው። ሐሙስ ከወደቀች፣ የማታውቃቸው ሰዎች ጋ ከምታድር ወደ እርስዎ ልመልሳት። እንደምንም ብዬ እልካታለሁ። እኔ እዚህ ብቻዬን ብቀር ግድ የለም። ይቀበሉልኛል? መልስዎን ቶሎ ይላኩልኝ።

ጤናዎንም ሁለተኛ እጠይቅዎታለሁ። አሰላ እንደሚበርድ አውቃለሁ፤ ግን በብርድ ሲጽፉ ነው የኖሩት። እንዴት ነዎት?

ልጅዎ ብዙወርቅ

*

አሰላ፣ መጋቢት 1 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለብዙወርቅ፣

ሁለተኛ ጠየቅሽኝ። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና መልሴን ቀየርኩ። ደኅና አይደለሁም።

ጉበቴ ነው። አዲስ አበባ ወስደውኝ ነበር፤ ከፍተው አይተው መልሰው ሰፉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሐኪሞቹ ለጥሩአየሁ ነግረው እኔን «ሾርባ ይጠጡ» ብለው ሸኙኝ። ፊቷን አይቼ ጠየቅኋት፤ ዋሸችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ወረቀቱ ላይ ቀለሙ ከፈሰሰ እሷ ናት። ይህንም ጻፊው ብያት ነው።

ስለዚህ ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ። ትርንጎን መልሺልኝ ለማለት የማልከፍለው ነገር የለም። ግን አይሆንም። ክረምቱን የምደርስበት አይመስለኝም። ብትልኪያት የምትደርሰው ባዶ ቤት ነው። ከእንግዲህ ያለሻት አንቺ ነሽ፤ አንቺም ያለችሽ እሷ ናት። ይህን ስጽፍልሽ ልቤ እንዴት እንደሆነ አልነግርሽም።

ሌላ አደራ አለኝ። በአገራችን የሩቅ ሰው መርዶ እስኪረዳ ድረስ «ደኅና ናቸው» እየተባለ ይጻፍለታል። ከሞትኩ በኋላ እንኳ ለአንድ ዓመት በስሜ ሰላምታ ሊደርስሽ ይችል ነበር። ትርንጎን እንዲህ አታድርጊብኝ። አንድ መልስ እንዳትቀይር ስናስተምራት ከርመን እኛው ስንዋሽ ብታገኘን ያስተማርናት ሁሉ ከንቱ ነው። ስትጠይቅሽ እውነቱን ንገሪያት።

እንዳታስውቢውም። ጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ አልጠፋም ብለን አቅምሰናታል። እኔንም እንደ ጨው አድርገሽ እንዳትነግሪያት። ሰው ጨው አይደለም፤ ቀምሳ አታገኘኝም።

ሐሙስ አልፏል፤ ውጤቱን አላውቅም። እሱን ሳልሰማ መሄድ አልፈልግም። ፍጠኚ።

አባትሽ ማንደፍሮ

*

ዴን ሃግ፣ መጋቢት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ይህን ጥሩአየሁ ታንብብልዎ። እህቴ ጥሩአየሁ፣ እባክሽ አትዝለዪ፣ ሁሉንም አንብቢላቸው።

መጀመሪያ የጠበቁትን ልንገርዎ። አለፈች። ውሳኔው በጽሑፍ የደረሰን በዚህ ወር ነው፤ ኢንተርናቱ ቀርቷል፤ እዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤቷ ትቀጥላለች።

እኔ አልገባሁም፣ አልተፈቀደልኝም። ዘርኣይ ለማስተርጎም ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ የነገረኝ እሱ ነው። ውሃው ተገለበጠ። «አሁንስ?» አለቻት። ትርንጎ በሆላንድኛ ያው ነው አለች። ሴትዮዋ ደግማ ጠየቀቻት። ትርንጎ አንገቷን ደፋች አለ። ከዚያ ወደ ዘርኣይ ዞራ በአማርኛ «ጋሼ፣ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ይንገሩልኝ። ውሃው ያው ነው» አለች። ዘርኣይ «ሃያ ዓመት ከማሽን ጋር ሠርቻለሁ፣ እንደዚያ ብርጭቆ የከበደኝ የለም» አለኝ። ቃል በቃል ተረጎመላት። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የጭቃውንም ጠየቀቻት፤ እሱንም አልቀየረችም።

ደስታዬን ልጽፍልዎ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የእርስዎ ደብዳቤ የገባው። ለሳምንት ያህል ደበቅኋት። ይቅር ይበሉኝ፣ አደራዎን ወዲያው አልጠበቅሁም። በየቀኑ ነገ እላለሁ እያልኩ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለም። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን ብርቱካን ትልጥ ነበር። እንደ ዘበት «አባባ ደብዳቤ ለምን በራሳቸው እጅ አይጽፉም?» አለችኝ። ታመዋል አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አባባ ይድናሉ?»

«አይድኑም» አልኳት።

ልጣጩን እየሰበሰበች ቆየች። ቤት ውስጥ ሰው ቢኖረኝ፣ ታላቅ ሴት ከጎኔ ብትኖር እንዲህ ባልሆነ እያልኩ አስብ ነበር። ከዚያ ቀና አለች። እርስዎ እንዳሳደጓት የትልቅ ሰው ዓይን አታይም፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን አየችኝ።

«አባባ ይድናሉ?» አለች ደግማ።

የደገመችው መልሴን እንድቀይርላት ነው። እኔም ስኪፖል ላይ የደገምኩባት ለዚሁ ነበር፤ ያኔ ቀይራልኛለች። አሁን ተራው የኔ ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ማን ያውቃል» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር አባባ። እንዴት እንደፈለግሁት አይጠይቁኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። አይድኑም» አልኳት።

አለቀሰች። አለቀስን። ስንጨርስ ውጭው መሽቶ ነበር። ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠችና ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ብዪ» አለችኝ።

ልጅዎ ብዙወርቅ